አለበለዚያ የሚለው መስመር

የካቲት 3

ወንድሜ፣

ሰላምታውን እንዝለለው። ስትደውል አይቻለሁ። ያላነሳሁት፣ ካነሳሁ ስለምጮህ ነው። መነጽር ቤቱ ግድግዳው ስስ ነው፤ ደንበኛ አለ፣ አለቃዬ አለ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው፤ መንገድ ላይ እየሄድክ እንዳታነበው።

«ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው?» ላልከው፣ ምንም አልሆንኩም። አባቴ ሞቶ አልቀበርኩትም። የሆንኩት ይኸው ነው።

ያንን መልእክት ለስንት ሰው እንደበተንከው አላውቅም። «አባታችን ዐርፏል፤ ዝርዝሩን ከታች ባለው ገጽ ይመልከቱ» ይላል። ለእኔም «ይመልከቱ»። ተማሪ ሳለህ አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ ከመጋረጃ ወዲያ ተኝተህ ዓመት የኖርክ ልጅ፣ አባታችን ሲሞት እርስዎ አልከኝ። እሺ፣ ለሁሉም የተላከ ነው ብዬ አለፍኩት።

ገጹን የከፈትኩት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ፈቃድ ጠይቄ፣ ለማታው አውቶብስ ትኬት ቆርጬ ነው። ሙሉ ስም ጠየቀኝ፤ መታወቂያዬ ላይ እንዳለው ጻፍኩ። የራሴን ስም፣ ከዚያ የአጎቴን፣ የእናቴን ወንድም። ገጹ ትንሽ ዞረ ዞረና የአባታችንን ፎቶ አወጣልኝ፤ ማይክሮፎን ይዞ የሚስቅባትን። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሐዘን መግለጫዎ ከልብ እናመሰግናለን። ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ ስለሚረዱን እናመሰግናለን።»

ሁለት ጊዜ አመሰገናችሁኝ።

ደወልኩልህ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከዚያ ሻንጣዬን ፈታሁ። ልብሶቼን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኩ። አልተከራከርኩም፣ አልጮህኩም። ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው፤ አመንኩት! ዕድሜዬን ሙሉ ሲነገረኝ የኖረ ነገር ስለሆነ በጽሑፍ ሲመጣ እንኳ አዲስ አልሆነብኝም። በማግሥቱ ሥራ ገብቼ የሰው መነጽር ስሞርድ ዋልኩ። የሚቀበረው አሁን ይሆን፣ ወይስ አሁን፣ እያልኩ ሰዓት ሳይ ዋልኩ።

ትናንት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ገጹን መልሼ ከፈትኩት። በዚህኛው ጊዜ ከስሜ ቀጥሎ የእሱን ስም ጻፍኩ። በሕይወቴ አንድም ወረቀት ላይ ጽፌው የማላውቀውን። ሳልጠራ የሰው ጓዳ የገባሁ ያህል ፈራሁ።

«ውድ የቤተሰባችን አባል» አለኝ። የቀብሩን ቦታ ነገረኝ፤ ሰዓቱን፣ በየትኛው በር እንደሚገባ። «አውቶብስ ከቤት ይነሳል፤ መቀመጫ ተይዞልዎታል» አለኝ።

አንድ ገጽ፣ ሁለት ፊት። ይኼን የሠራው ማነው? መልስልኝ።

እህትህ ብዬ ልፈርም ነበር። ማን ብዬ እንደምፈርም ገጽህን ጠይቀው።


የካቲት 5

እታለም፣

እንደምን አለሽ ብዬ ብጀምር እዚያው እንደምትዘጊው አውቃለሁ። ግን እንደምን አለሽ? እኔ ወደ ሥራዬ ከተማ ከተመለስኩ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ቢሮ ነበርኩ፤ ተነስቼ ደረጃው ላይ ሄጄ ነው የጨረስኩት።

ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሁለት ፊት የሠራሁትም እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

አባዬ የአውቶብስ ሾፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ እንደኖረ ታውቂያለሽ። ማኅበሩ ለሁለት መሰንጠቁን ግን ሰምተሻል? እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንደኛው ወገን «አስከሬኑን የምንሸከመው እኛ ነን» አለ። ሌላው «እናንተ የከዳችሁት!» ብሎ ተነሳ። ገና ነፍሱ ሳትወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው! እማዬ ሰምታ ምርር ብላ አለቀሰች። ትልቋ እህታችን፣ እትዬ፣ «ቀብሩ የስብሰባ አዳራሽ አይሆንም፤ ቦታውን ቤተሰብ ብቻ ይወቅ» አለች። ነገሩ ልክ ነበር። ገጽ እንድሠራ የጠየቀችኝም እሷ ናት፤ አባዬን የሚያውቅ ሰው ብዛቱን ታውቂዋለሽ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ማን ይናገራል?

በእኛ ሙያ ቴምፕሌት የምንለው ባዶ ንድፍ አለ። ሰው ሲከፍተው ነው የሚሞላው። ንድፉ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ይገባል፤ እንዲህ ከሆነ ይኼን አሳይ፣ አለበለዚያ ያንን አሳይ። እኔ ያስገባሁት የስም ነው። ከተጻፈው ሙሉ ስም ውስጥ የአባዬ ወይም የአያታችን ስም ካለ፣ ሰውየው ቤተሰብ ነው። አለበለዚያ እንግዳ ነው። «አለበለዚያ» የሚለው መስመር ክፋቱ ማንንም በስም አለመጥራቱ ነው፤ ያልታሰበ ሁሉ እዚያ ይወድቃል። አንቺን አስወጡ ብሎ የጻፈ የለም። ኮምፒውተር የተነገረውን ነው የሚያደርገው። ስምሽ አልገጠመም፤ ይኸው ነው።

ስልኬ ዝግ የሆነው ባትሪው አልቆ ነው። ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መቃብር ቦታ ስመላለስ ነበር።

አንድ ነገር ግን እኔም ልናገር። ሆስፒታል ሳለ ነይ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? «እናንተ እያላችሁ እኔ ምን ልሁን?» ያልሽው አንቺ አይደለሽም? የማትመጪ ነበር የመሰለኝ። ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ ብትቆልዪው ደግሞ እሱም ልክ አይሆንም።

የሚወድሽ ወንድምሽ


የካቲት 8

ወንድሜ፣

«ኮምፒውተር የተነገረውን ነው የሚያደርገው» ትለኛለህ። ነጋሪው ማነው ታዲያ? ጎረቤት ነው?

«ስምሽ አልገጠመም።» ስሜ ለምን እንደማይገጥም የማታውቅ ይመስል! ትምህርት ቤት ልመዘገብ እናቴ እጄን ይዛ ስትወስደኝ እሱም መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል። መዝጋቢዋ «የአባት ስም?» ስትል እናቴ ወደ በሩ ዞረች። እሱ ራሱን ወዝወዝ አደረገ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለጊዜው የወንድምሽን ስም ስጪ» አላት። ለጊዜው! ያ ጊዜ ይኸው እሱን መቃብር አስገብቶ እንኳ አላለቀም። አንተ ደግሞ መጥተህ «ለጊዜው»ን በኮምፒውተር ጻፍክልኝ።

ስለማላውቀው ሰው የማወራ እንዳይመስልህ። በየዓመቱ መነጽር ሊያሠራ እዚህ ድረስ ይመጣ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። እናንተ ከተማ መነጽር ቤት የሌለ ይመስል! ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ፊደሎቹን ያነባል። የታችኛውን መስመር ሆን ብሎ ያሳስታል፣ እንድደግምለት። ትንፋሹ ፊቴን እስኪነካኝ ተጠግቼ ዓይኑን እለካለሁ። ባልደረቦቼ ፊት «ባለሙያዋ» ይለኛል። «ባለሙያዋ፣ ዘንድሮስ ከአምና ብሶብኛል።» እኔ ደግሞ «አይዞዎት ጌታዬ፣ እናስተካክለዋለን» እላለሁ። ከወጣ በኋላ መስታወቱ ማዶ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል። ባልደረባዬ «እኚህ ሽማግሌ አንቺን ይወዱሻል» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ሆስፒታል ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀሃል። እኔ ልጠይቅህ። «ነይ» ስትለኝ «ማን ነኝ ብዬ ልግባ?» አልኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ? ረሳኸው? «የሥራ ባልደረባው ነኝ በዪ» አልከኝ። የሾፌሮች ማኅበር፣ መነጽር ሠሪ ባልደረባ! ያን ዕለት ነው የቀረሁት። ስለዚህ «የማትመጪ መስሎኝ» እያልክ ጥፋትህን ግማሽ በግማሽ አታካፍለኝ።

ይቅርታህን አሁን አልፈልገውም፤ አስቀምጠው። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። እነዚያን መስመሮች እንዳሉ ላክልኝ፤ ለሰው እንደምታስረዳ አድርገህ ሳይሆን እንደጻፍካቸው። ሌላው ጥያቄ ነው። እዚያ ገጽ ውስጥ የእኔ ስም ተጽፎ ያውቃል ወይ? አዎ ወይም አይ በለኝ። ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።

መነጽር ሠሪዋ


የካቲት 14

እታለም፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። እየጻፍኩ ስደመስስ ነው የሰነበትኩት።

አዎ።

መስመሮቹ እነዚህ ናቸው። ወደ ቋንቋችን መልሼአቸዋለሁ፤ ሌላ የቀየርኩት የለም።

ስሙ ውስጥ የአባታችን ወይም የአያታችን ስም ካለ፣
የቀብሩን ቦታና ሰዓት አሳይ።
ካልሆነ፣ ስሙ የእማዬ ወይም የእህቷ ስም ከሆነ፣
የቀብሩን ቦታና ሰዓት አሳይ።
ካልሆነ፣ ስሙ የእትዬ ባል ስም ከሆነ፣
የቀብሩን ቦታና ሰዓት አሳይ።
አለበለዚያ፣
አመስግነህ ሸኝ።

የተላከው ይኼ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን ከሁሉም በላይ አንድ መስመር ነበር። ያንቺ ሙሉ ስም፣ ከነአጎትሽ ስም። «እሷ ከሆነች፣ ሁሉንም አሳይ» ይል ነበር።

እትዬ ከመላኩ በፊት ልየው አለች። ኮድ አታነብም፣ ስም ግን ታነባለች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ፣ «ይቺ ማናት?» አለችኝ።

የምታውቅ ስላልመሰለኝ «የአባዬ ዘመድ ናት» አልኳት።

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አትጥመኝም። «እኔን ነው የምትሸውደው? አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ» አለች። «እማዬ ባሏን እየቀበረች ሌላ መርዶ ልትነግራት ነው? ልጅቷ ቁርጥ እሱን ነው የምትመስለው። አንድ ሰው አይቶ መጠየቁ አይቀርም። አጥፋው።»

«አባቷ እኮ ነው» አልኳት።

«እማዬስ እናትህ አይደለችም?» አለችኝ።

ወዲያ ማዶ ክፍል እማዬ ትሰማለች ብዬ መጮህ አልቻልኩም። አጠፋሁት። አንድ መስመር ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በስልክ እነግርሻለሁ ብዬ አሰብኩ። ባትሪው አልቆ ነበር ያልኩሽ ውሸት አይደለም። ከሞላ በኋላ ግን ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ቆሜ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይኼንን ባለፈው አልጻፍኩልሽም።

ሌላም ያልጻፍኩልሽ አለ። ከዚህኛው በኋላ ላታናግሪኝ ትችያለሽ፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

መቃብሩ ላይ ሳጥኑ ሊወርድ ሲል እማዬ «ቆዩ» አለች። ዞር ዞር ብላ አየችና «ልጅቷስ?» አለች።

እትዬ «የቷ ልጅ?» አለቻት።

«የቷ ልትሆን ነው? መነጽር የምትሠራዋ ናታ!»

ቀባሪዎቹ ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። እማዬ «መንገድ ላይ ትሆናለች፤ እንጠብቃት» አለች። ጠበቅን። እትዬ መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ ደግሞ የእትዬን ጫማ። አንዱ ቀባሪ እጁን ሊቀይር ሲል ገመዱ አንሸራተተው፤ ሳጥኑ ትንሽ ዘመም አለ። ያኔ እማዬ ራሷ «በቃ፣ አውርዱት» አለች።

ሁላችንም የደበቅነው ከእሷ ነበር። እሷ ደግሞ ታውቃለች።

ወንድምሽ


የካቲት 15

ማምሻውን በስልክ ለላክኸው ጥያቄ መልሴ አይ ነው። ስሜን አሁን እንዳትጨምረው።

«ያልታሰበ ሁሉ እዚያ ይወድቃል» ብለኸኝ ነበር። ምነው ያልታሰብኩ በሆንኩ! እኔ እኮ ታስቤ ነው የወደቅኩት። ስሜ ተጽፎ፣ በጣት ተነክቶ፣ ተመክሮበት ነው። ለእትዬህ ባል፣ ትናንት ለመጣ ሰው፣ ለብቻው መስመር ተበጀለት። እሱን እንኳ ልጠላው አልቻልኩም፣ ሰውየው ምን አደረገኝ? እናትህ ገመድ አስይዛ ስትጠብቀኝ፣ እኔ ያንጊዜ አንዲት አስተማሪ «ፍሬሙ ጆሮዬን ያሳክከኛል» ብላኝ እሱን ሳጎብጥ ነበር። ሰዓቱን አስታውሼዋለሁ። አሁን በየቀኑ አስታውሰዋለሁ።

ወሩ ሲሞላ ቤት ለምታደርጉት መታሰቢያ ያው ገጽ እንደሚያገለግል፣ እኔንም እንደምታስገባኝ ጽፈህልኛል። ስማኝ። በተለየ መስመር አታስገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በተለየ መስመር ነው የኖርኩት፤ ለጊዜው፣ በጓሮ በር፣ «ባለሙያዋ» እየተባልኩ። ከሆነ፣ ካልሆነ፣ አለበለዚያ የሚለውን ጣጣ በሙሉ ከዚያ ገጽ ንቀለው። የከፈተ ሁሉ አንድ ነገር ይይ። ሾፌሮቹም ይዩት። መጥተው ይጣሉ ከፈለጉ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጋር ሲጣላ አይደል የኖረው?

እትዬህ እሺ አትልም። አውቃለሁ። እሷን አላዘዝኳትም፤ የጻፍከው አንተ ነህ፣ አንተን ነው ያዘዝኩህ።

እስክትነቅለው ድረስ አትጻፍልኝ።


የካቲት 27

እታለም፣

ነቀልኩት። መታሰቢያው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ገጹ አሁን አጭር ነው። ፎቶው፣ የሞተበት ቀን፣ የቤቱ አድራሻ፣ ሰዓቱ፣ «ኑ» የሚል ቃል። ስም አይጠይቅም።

እትዬ ገጹን አይታ ስትደውልልኝ አውቶብስ ላይ ነበርኩ፤ ወደ ቤት እየሄድኩ። ጩኸቷን አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ሰማ። «አብደሃል? ሁለቱንም ወገን ቤት ውስጥ ልታስታርቅ ነው? ማን ፈቀደልህ?» አለችኝ። «ስትዘጊው ማን ፈቀደልሽ?» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ቤት ስደርስም «ደህና ገባህ?» አላለችኝም፤ ወንበር ስንደረድር ስንውል ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ተናድጄ ስለነበር አላባበልኳትም። እስከ ዛሬም አንነጋገርም።

በቀኑ ሾፌሮቹ መጡ። በሁለት አውቶብስ ሙሉ ነው የመጡት፤ አንደኛውን ወገን አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ጭኖ። መንገዱን ዘጉት። ግቢው በር ላይ ማን ቀድሞ እንደሚገባ መገፋፋት ሲጀምሩ እትዬ ዞራ አየችኝ። የዓይኗን ነገር አልነግርሽም።

ከዚያ እማዬ ወጣች። ወንበር አስወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና «የምትጣሉ ከሆነ እዚያ ማዶ፣ አስፋልቱ ላይ» አለቻቸው። «የምታለቅሱ ከሆነ ግቡ። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ተጣሉና ጨርሳችሁ ኑ፤ እኛ እንቆያለን።» አንድ ወፍራም ሾፌር ሐዘን ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ገቡ። አልታረቁም፣ ውሸት አልነግርሽም። ግራና ቀኝ ተለያይተው ተቀመጡ። ግን ሁለቱም ወገን ስለ እሱ አወራ፤ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። አንዱን ሾፌር ከሥራ ሲያባርሩት አባዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ውሎ ማደሩን ማን ነግሮን ያውቃል? ለሰው ልጅ እንዲህ የሚሟገት ሰው፣ ለራሱ ልጅ አንድ ቃል መናገር ያቃተው ለምንድነው? ይኼን እያሰብኩ እዚያው በሟቹ ላይ ተናደድኩ። አንቺ የገባሽኝ ያኔ ነው።

አንቺ አልመጣሽም። አልወቅስሽም። እማዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ስትል አይቻለሁ፣ እሱን ብቻ ልንገርሽ። ስልክሽን ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ሰጠኋት። ከደወለችልሽ፣ እባክሽ አንሺላት።

ወንድምሽ


መጋቢት 6

ወንድሜ፣

የምጽፍልህ ከአባታችን ቤት ነው።

አዎ፣ ደወለችልኝ። ምን እንዳለችኝ በስልክ መልእክት ጠይቀኸኛል። «እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን የማውቀው ይመስል። «ሰው በበዛበት ቀን ያልመጣሽው ልክ ነሽ። አሁን ቤቱ ባዶ ነው፤ ነይ።» ሌላ አላለችም። ለአንተ ያልነገርኩህ፣ ነግሬህ «እትዬን ላናግርልሽ» እንዳትለኝ ነው።

በሩን የከፈተችው እትዬህ ናት። አየችኝና በሩን እንደያዘች ቆመች። እንዳወቀችኝ አውቄአለሁ። እንዳወቅኳት አውቃለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ረጅም፣ የሚያቃጥል። አንዱም አልመጣልኝም። «እናትሽን» አልኳት።

ከውስጥ «አስገቢያት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘወር አለችልኝ፤ ጎኗን በጎኔ ሳልነካ አለፍኩ።

እናትህ አቅፋ አላለቀሰችብኝም፤ ለዚያም በልቤ አመሰገንኳት። አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። አየችኝ፣ አየችኝና «መልክሽ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ እትዬህን ጠራችና «ቁጭ በዪ አንቺም» አለቻት። እትዬህ አልተቀመጠችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው እማዬ?»

«እሷ በተወለደች ዓመት።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ! ልጅ ነበርሽ፣ እሱን እንዴት እንደምትወጂው... አባትሽን እንዳትጠዪው ብዬ ነው።»

እትዬህ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ለአንተ የጻፍኩት ሁሉ ሹክሹክታ ነው። «የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ!» አለች። «እጄን ይዞ ቤታቸው ወሰደኝ፤ በር ላይ አቁሞኝ ገባ። በስንጥቁ አየኋት፤ በፎጣ ተጠቅልላ ይዟታል። ሲወጣ ‹ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ ትታመማለች› አለኝ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀድሜ የማነሳው እኔ ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። እንዳትታመሚ! ከዚህ ቤት ርቄ ማግባት እንኳ ፈርቼ ሁለት በር አልፌ ነው ያገባሁት! እና አንቺ ታውቂ ነበር? እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ማንን ነው ስጠብቅ የኖርኩት?»

እናትህ «የምታውቂ አልመሰለኝም» አለች። ደግማ ደጋግማ ይኼንኑ አለች።

እኔ መሀላቸው ተቀምጬአለሁ። «እሷ» ትላለች አንዷ፣ «ልጅቷ» ትላለች ሌላዋ። በጭንቅላቴ ላይ ይወራወሩኛል። መጀመሪያ ማዘን ቃጣኝ። ከዚያ ያ የማውቀው ንዴት ከእግሬ ጀምሮ መጣ። ተነሳሁ። «እዚህ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰው ነኝ! የምታወሩት ስለ እኔ ነው! አንቺ ስትጠብቂ፣ እሷ ዝም ስትል፣ እሱ ኮፍያውን ሲያወርድ፣ ሁላችሁም አንዳችሁ ለሌላችሁ ስትሉ፣ ለእኔ ያለ ማነው? አንድ ሰው ጥሩልኝ!»

ጎረቤት መስኮት ሲከፍት ሰማሁ።

እትዬህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ድምፅዋም የእሱ ነው» አለች፣ በንዴት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ይቅርታ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ከእጆቿ ሥር፣ «ራት በልተሻል?» አለችኝ። አልበላሁም ነበር። የበላነው ማንም ማንንም ሳያይ ነው።

አንተን ይቅር ብዬህ እንደሆነም ጠይቀሃል። አላልኩህም። ገጹን መንቀልህ ጥሩ ነው፤ ግን ገጽ መንቀልና ስልክ አንስቶ መደወል አንድ አይደሉም። የተቆጣሁበት ነገር በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ይበርድ ይሆናል፣ እኔም አላውቅም። እስከዚያው ስደውል አንሳ፤ የምሰድብህ ነገር ገና ብዙ አለኝ። እትዬህንም ደውልላት። መጀመሪያ ትዘጋብሃለች፤ ደግመህ ደውል።

ዛሬ ጠዋት መቃብሩ ልሄድ ስነሳ እናትህ እግሯን አሟት ቀረች። እትዬህ መንገዱን ታሳየኝ ዘንድ ተላከች። ፊት ፊት ትሄዳለች፤ አታናግረኝም። እኔም ከኋላ ከኋላ፣ ጀርባዋን እያየሁ፣ በሆዴ እየተሳደብኩ እከተላለሁ። አደባባዩ ጋ ደረስን። እሷ ተሻገረች። እኔ ጀርባዋን እንጂ መንገዱን አላየሁም ነበር፤ እግሬን ወደ አስፋልቱ ሳወርድ አውቶብስ መጣ። ጥሩምባውን ከመስማቴ በፊት ተመልሳ የሹራቤን እጅጌ ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። ወደ ጠርዙ ወረወረችኝ ማለት ይቻላል።

«እያየሽ አትሄጂም?» ብላ ጮኸችብኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። «ዕውር ነሽ? ደግሞ መነጽር እሠራለሁ ትላለች!»

«አትጩኺብኝ!» አልኳት።

«እጮኻለሁ!» አለች። እንደጨመደደችኝ አሻገረችኝ፤ ከተሻገርን በኋላም እየተነጫነጨች፣ የከተማውን ሾፌር ሁሉ እየረገመች፣ እስከ መቃብሩ ድረስ እጅጌዬን አልለቀቀችውም።

እህትህ